አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፦ የገንደ ቆሬው ቤት የሥራ ማስታወሻ

ጥር፣ ፍለጋ

ብሩ የታላቅ እህቴ ነው ማለት ይቻላል። እሷ ነግዳ ያጠራቀመችውን አወጣች፣ እኔ ከግንበኛና ከደላላ ጋር መጨቃጨቁን ወሰድኩ። ትርፍ ካለ እኩል ነው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ድሬዳዋ ጠባብ ናት፤ ዛሬ ከጻፍኩ ነገ ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር ስለ ቤቱ ትጠይቀኛለች። ሒሳቡን በመጨረሻ በመቶ ብር አስልቼ አሳያለሁ።

ደላሎች መጀመሪያ የሚወስዱህ ሳቢያን ሰፈር ነው። አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ዋጋውም እንደ ውበቱ ነው። የተለሰነ፣ የተቀባ፣ ሴራሚክ የገባለት ቤት ገዝተህ ምን ጨምረህ ልትሸጠው ነው? ለመኖር ከሆነ ግዛው። ለትርፍ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈለገው።

እኔ የምፈልገው ሰው የሚፈራውን ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት በሁለት ምክንያት ይረክሳል፤ አንድም አስቀያሚ ስለሆነ፣ አንድም ስለሚያስፈራ። አስቀያሚነቱን ሁሉም ያየዋል፤ የቀለምና የሴራሚክ ዋጋ ደግሞ ታይዋን ገበያ ገብቶ መጠየቅ ነው፣ ስለዚህ ገዢው የሚቀንስብህ የእድሳቱን ዋጋ ያህል ብቻ ነው፣ እሱን አውጥተህ እሱኑ ትመልሳለህ። የሚያስፈራ ቤት ግን ሌላ ነው። ካርታው በሟች ስም ነው፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ውኃ አይመጣም ሲባል ገዢው የችግሩን ዋጋ ስለማያውቀው ከሚገባው በላይ ይቀንሳል፣ ወይም ጭራሽ ትቶት ይሄዳል። ፍርሃቱን መለካት ከቻልክ ገንዘቡ እዚያ ነው።

የማይነቀል ፍርሃትም አለ። ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ሰፊ ግቢ አሳዩኝ፣ ዋጋው ያጓጓል። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ድሬ ያደገ ሰው ያንን ሌሊት አይረሳም። ምን ዓይነት ግንብ ብታሠራ፣ የምትሸጥለት ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያየው አሸዋማውን ወንዝ ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው ከዚራ አካባቢ ነበር። ዛፉ፣ ቀጥ ያለው መንገድ፣ አሮጌው የባቡር ዘመን ቤት። ልቤ ሄዶ ነበር። ግቢው ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን የቀበሌ ቤት ሆነው ተገኙ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ እንዲህ ለሁለት የተከፈለ ግቢ ብዙ ቀርቷል። ሻጩ «ችግር የለም፣ ተከራዮቹን እናስወጣለን» ይልሃል። የመንግሥትን ተከራይ እሱ አያስወጣም፣ አንተም አታስወጣም። ደግሞ የቀበሌ ቤት ቁልፍ «የሚሸጥልህ» ሰው ካጋጠመህ የምትገዛው ቁልፍ ብቻ ነው፣ ቤቱን አይደለም።

የካቲት፣ ወረቀት

ገንደ ቆሬ ሰፈር አንድ ቤት ተገኘ። የድንጋይና የጭቃ ግንብ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ሦስት ክፍልና ከኋላ ሰርቪስ። ባለቤቱ ሞተዋል። ሚስትየዋና አምስት ልጆች ናቸው የሚሸጡት፤ አንዱ ልጅ ውጭ አገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ለመሸጥ ሞክረው አልሆነላቸውም። ቤቱን ያየ ሁሉ «ስንት ወራሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ አይመለስም።

ኩሽናው በር ላይ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን ወረቀቷን ሁሉ እንድታወጣልኝ ለመንኳት። «አንቺ እማማ፣ ካርታው የት አለ?» ስላት ከፍራሽ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አመጣች። ካርታ አለ። የግብር ደረሰኝ አለ። የወራሽነት ማረጋገጫ የለም። ስድስት ዓመት ቤቱን የያዘው ይኼው ነው።

ቅደም ተከተሉን ልጻፈው፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ይሠራዋል።

ቀብድ ከመክፈልህ በፊት የካርታውን ቁጥር ይዘህ መሬት ቢሮ ሂድና ፋይሉን አስወጣ። የምትጠይቀው ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩን ነው። ባንክ ይዞት ይሆናል፣ ፍርድ ቤት አግዶት ይሆናል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና መሬት ላይ ያለው ግቢ መመሳሰሉንም እዚያው አረጋግጥ። እኛ ሜትር ይዘን ስንለካ አጥሩ ወደ መንገድ ገፍቶ አገኘነው። አጥር በልጦ ከተገኘ ትርፉ መሬት የአንተ አይደለም፤ ዋጋ ስትነጋገር በካርታው ካሬ ብቻ ተነጋገር።

ከዚያ ወራሾቹ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጣሉ፤ ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነና ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት በኩልም ይሄዳሉ። ካርታው ወደ ወራሾቹ ስም ይዞራል። ውጭ ያለው ልጅ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይልካል፣ ያም አገር ቤት ገብቶ ይረጋገጣል። ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚለው ቃል በግልጽ መጻፍ አለበት። «ማስተዳደር» ብቻ የሚል ውክልና ይዞ መጥቶ ውል ላይ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ የሚስቱ ወይም የባሏ ፊርማ ግድ ነው። ድሬ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (213/1992) የጋራ የሆነ ቤት በአንድ ሰው ፊርማ እንዲሸጥ አይፈቅድም። «ሚስቴ ታውቃለች» ማለት ፊርማ አይደለም።

ለወራሾቹ ያልኳቸው ይህን ነው፦ የፍርድ ቤቱንና የስም ማዞሩን ወጪ እኔ እችላለሁ፣ በዋጋው ላይ ይታሰባል፣ እስከዚያ ለሌላ እንዳትሸጡ ትንሽ ቀብድ በጽሑፍ እሰጣለሁ። የተፈረመው ከሁሉም ወራሽ ጋር ነው፣ ከታላቁ ልጅ ጋር ብቻ አይደለም። ታላቁ ልጅ «እኔ እያለሁ ማን ይናገራል» ብሎ ነበር። እኅቶቹ ፊት ፈረመ፣ እነሱም ፈረሙ።

ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት) የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠይቅ። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (721/2004) ነባር ይዞታ ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ሥሪት፣ ማለትም መሬቱን ከመንግሥት በኪራይ ወደ መያዝ፣ ይገባል ይላል። ለወራሽ ሲተላለፍና ለአንተ ሲተላለፍ አንድ አይደለም ማለት ነው። የሚከፈለውን መሬት ቢሮው ያሰላልሃል፤ ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት አስላው፣ ከቆረጥክ በኋላ ጸጸት ነው።

መጋቢት፣ ስንጥቁን መጠበቅ

ስም ማዛወሩ እየሄደ ነው። ቁልፉን ስለሰጡን ቤቱን ማየት ጀመርኩ።

የኩሽናው ግድግዳ ጥግ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ አለ፣ ጣት ያስገባል። ሰው ሁሉ ይህን አይቶ ነው የሸሸው። ስንጥቅ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ የቆመና የሚሄድ። የቆመውን ትደፍነዋለህ፣ የሚሄደውን ደፍነህ ብትሸጥ የሰው ቤት አፍርሰሃል። መለያው ቀላል ነው። ጀሶ በጥብጠህ በስንጥቁ ላይ አግድም ለጥፍ፣ ቀኑን ጻፍበት፣ ተወው። ስንጥቁ የሚሄድ ከሆነ ጀሶው ለሁለት ይሰነጠቃል። ሦስት ቦታ ለጠፍኩ። ዝናብ ሲመጣ ታችኛው ተሰነጠቀ፣ ሌሎቹ ደህና ናቸው።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ መቆፈር አላስፈለገም። የጣሪያው አሸንዳ ወድቆ ውኃው ሁሉ በአንድ ጥግ መሠረቱ ላይ ይፈሳል፣ እዚያው አጠገብ ደግሞ የእቃ ማጠቢያው ፍሳሽ መሬት ውስጥ ተሰብሯል። መሠረቱ ሥር ያለው አፈር እየራሰ ይወርዳል። አሸንዳውን ሰቀልን፣ ፍሳሹን ቀየርን፣ ከግድግዳው ጥግ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ሊሾ አደረግን። ጥጉን በከፊል ከፍተን በድንጋይና በሲሚንቶ ደገፍነው። አዲስ ጀሶ ለጥፌያለሁ። እሱ ሳይሰነጠቅ የበልጉን ዝናብ ካላለፈ ልስን የለም።

ምስጥም አለ። ግድግዳው ላይ እንደ ደም ሥር የሚሄድ የጭቃ መስመር ካየህ ምስጥ ነው፤ የበሩን መቃን በጥፍርህ ጫነው፣ ከገባ ባዶ ነው። ሁለት መቃንና ግማሹ የጣሪያ እንጨት ወጥቶ ተጣለ። አዲሱ እንጨት የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚገባው፣ ጫፉ መሬት አይነካም።

ሚያዝያ፣ ውኃ

ድሬ ላይ ቤት ገዢ ሴት ከሆነች መጀመሪያ የምትከፍተው ቧንቧውን ነው። ወንድ ከሆነ ለሚስቱ ይደውላል፣ እሷ «ውኃ አለው?» ትለዋለች። ስለዚህ ከእድሳቱ ብር ትልቁን ድርሻ እዚህ ላይ አወጣሁ፣ ምንም አልቆጨኝም።

አሮጌው የብረት ቧንቧ ተቆርጦ ሲወጣ ውስጡ በነጭ ድንጋይ ተዘግቶ እርሳስ አያሳልፍም። የድሬ ውኃ ጨው አለው እንላለን እንጂ ካልሲየሙ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያህን ውስጥ እይ። ሁሉንም ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቀየርነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መዝጊያ አለው። ሻወሩ ርካሽና በእጅ የሚፈታ ነው፤ ውዱ ሻወርም በድሬ ውኃ ስለሚደፈን በኮምጣጤ ነክረህ የምታጥበው ይሻላል።

ሮቶውን (የውኃ ታንከሩን) ግንበኛው ሰርቪሱ ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ፈልጎ ነበር። 2,000 ሊትር ውኃ 2 ቶን ነው፣ የጭቃ ግንብ ላይ 2 ቶን አይቀመጥም። ደግሞ ከፍታ የሚሰጥህ ግፊት ትንሽ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ ነው 1 ባር የሚሰጠው፣ 3 ሜትር ላይ ብትሰቅለው ሻወሩ ይንጠባጠባል። መሬት ላይ አርማታ አፍስሰን አስቀመጥነው፣ በትንሽ ፓምፕ ይገፋል። ከፀሐይ እንዲሸፈን ዳስ ተሠራለት፣ ያለበለዚያ ቀን ላይ እጅህን ያቃጥልሃል።

ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት እያንዳንዱን መስመር ሜትር አጠገቡ አድርጌ ፎቶ አነሳሁ። ይህ ፎቶ በኋላ ብር ያወጣል።

ግንቦት፣ ሙቀትና ልስን

የበልጉ ዝናብ አለፈ፣ ጣሪያውን ከፈትን። ቆርቆሮ ስትገዛ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ እንደሚቀንስ እወቅ፤ 32 ከ28 ይሳሳል፣ ሻጩ ግን «32 ነው፣ ትልቁ ነው» ይልሃል። 28 አስገባን። ከኮርኒሱ በላይ በሁለቱም ጫፍ መተንፈሻ ከፍተን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው፣ ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀባነው። አናጢው በነጩ ቀለም ሳቀ። ምሳ ሰዓት ላይ ኮርኒሱን በእጁ ሲነካው ግን ሳቁን ተወ።

ልስኑ ላይ ብዙ ክርክር ነበር። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ነው። በእንዲህ ዓይነት ግንብ ላይ ንጹሕ የሲሚንቶ ልስን ብታደርግ ግድግዳው ያስገባውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፣ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ኖራ ይቀላቀልበት አልኩ። የሐረር ጀጎል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ተሠርተው በኖራ እየተለቀለቁ ስንት ትውልድ አልፈዋል። ሲሚንቶ ያለ ኖራ የሚስማማው ለአዲስ የብሎኬት ቤት ነው፣ ለአሮጌ ግንብ አይደለም። ግንበኛው «ሲሚንቶ የበዛበት ይጠነክራል» ይላል። ጠንካራነትና መያዝ አንድ አይደለም።

አሸዋውን በሃይላንድ ፈተንኩት። ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪውን ውኃ፣ በደንብ ነቅንቀህ አሳድረው። አሸዋው ታች፣ ጭቃው ከላይ በግልጽ ይለያል። የመጀመሪያው መኪና ያመጣው ጭቃው ወፍራም ስለነበር መለስኩት። ሹፌሩ ተሳደበ፣ ከዚያ ሌላ አመጣ።

ሥራ ከጧቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፣ እስከ 5 ሰዓት። ከዚያ በኋላ የሚለሰነው ሁሉ ውኃው ቶሎ ተኖ ይሰነጣጠቃል። ከሰዓት ደግሞ የበርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፣ ከዚህ ልማድ ጋር የሚታገል ሰው ድሬ ላይ ግንባታ አይጀምር፤ የውሉን ዋጋ በቀን ሳይሆን በካሬ ተዋዋል፣ ሰዓቱ የእነሱ ይሆናል። የተለሰነው ግድግዳ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ሳምንት ውኃ ይጠጣል። የቀን ሠራተኛው አንድ ጧት ባልዲውን አስቀምጦ «ዋርያ፣ ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ ችግኝ?» አለኝ። አጠጣው ግን።

ሰኔ፣ መብራት፣ ቀለምና የተውኩት ነገር

ኤሌክትሪኩ ከዜሮ ተሠራ። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ለምጣድና ለኤሲ የየራሳቸው መስመርና ብሬከር። ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር አካባቢ ይጎትታል፣ ከፍሪጅ ጋር አንድ መስመር ላይ ማሰር ለእሳት ማገዶ ማቅረብ ነው። ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ተቀበረ።

ቀለም ለመቀባት ልስኑ ወር ያህል እንዲደርቅ ጠበቅን። ደላላው በዚህ መሃል እየመጣ ይነዘንዛል፦ መታጠቢያ ቤቱን እስከ ኮርኒስ ሴራሚክ አድርገው፣ ሳሎኑን የጂፕሰም አበባ ሥራበት፣ በሩን በአልሙኒየም ቀይረው። አንዱንም አላደረግኩም። ሴራሚኩ እስከ ትከሻ ነው፣ ወለሉ የተፋቀ ሊሾ ነው፣ አሮጌዎቹ የእንጨት መስኮቶች ተጠግነው ተቀቡ። ጌጥ ገዢው በራሱ ምርጫ ያስገባዋል፣ የአንተን ምርጫ አፍርሶ ማስገባት ካለበት ደግሞ ያንንም ይቀንስብሃል።

አንድ የዕቃ ግዢ ምክር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ስለሆነ ከውጭ የሚገባው ነገር ዋጋ በአንድ ሳምንት ይለወጣል። ሽቦ፣ ፓምፕ፣ ብሬከር፣ የመታጠቢያ ዕቃ፣ እነዚህን ገና ሥራው ሲጀመር ገዝቼ አስቀመጥኩ። ሲሚንቶ ግን አይከማችም፣ እርጥበት ይጠጣል።

ሐምሌ፣ ሽያጭ

ብዙ ሻጭ ዝናብ ሲመጣ ቤት ማሳየት ያቆማል። እኔ ዝናብ ጠብቄ ነው የጀመርኩት። ዝናብ እየወረደ ሰው ጋብዤ ኮርኒሱን አሳያለሁ፣ አሸንዳው ውኃውን ወዴት እንደሚወስድ አሳያለሁ። ፀሐያማ ከሆነ ደግሞ 9 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲብስ። ጧት ላይ ማንኛውም ቤት ቀዝቃዛ ነው።

መጋቢት ላይ የለጠፍኩት ሁለተኛው ጀሶ ኩሽና ጥግ ላይ እስካሁን ሙሉ ነው። ቀለም ስንቀባ እሱን አስቀርቼዋለሁ፣ ቀኑ ተጽፎበት። ገዢ «ይኼ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ስንጥቁ እዚህ ነበር፣ ምክንያቱ ይህ ነበር፣ ይኸው አልሄደም እለዋለሁ። ስንጥቅ ነበረ ማለትህ ያስፈራል የሚሉ አሉ። ጎረቤት እንደሚነግራቸው ረስተው ነው። ከጎረቤት ከሰማ ደበቅክ ይላል።

ጠረጴዛ ላይ አንድ ፋይል አለ። በእኛ ስም የዞረው ካርታ ኮፒ፣ የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቧንቧና የሽቦ ፎቶዎች፣ የፓምፑ ዋስትና። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሴራሚክ አይተው ሄዱ። የገዛው ሰውዬ ፋይሉን አንስቶ ሳሎን ተቀመጠ፣ ሚስቱ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ዋጋ ላይ ትንሽ ተከራከሩ። በወረቀቱ ግን አልተከራከሩም።

መስከረም፣ ውልና ሒሳብ

ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈረመ። የቤት ሽያጭ በቃልና በሽማግሌ ብቻ ሕግ ፊት አይቆምም፣ በጽሑፍና በሚመለከተው አካል ፊት መሆን አለበት። ገንዘቡ በባንክ ነው የገባው።

ግብሩን አትርሳ። በገቢ ግብር አዋጁ (979/2008) ከቤት ሽያጭ የሚገኝ ጥቅም 15 በመቶ ይከፈልበታል፣ የሚከፍለው ሻጩ ነው። ያደስክበት ወጪ ከትርፉ ይቀነሳል፣ ደረሰኝ ካለህ። ከአሸዋ መኪናና ከቀን ሠራተኛ ደረሰኝ ስለማይገኝ ከወጪያችን ሲሶው ያህል አልተያዘም። ስለዚህ ትልልቁን ዕቃ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ግዛ፣ ትንሽ ቢወደድም። ገዢ ስትሆን ደግሞ የ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለብህ።

በመቶ ብር እንዲህ ነው። የተሸጠው 100። የተገዛው 60። እድሳት 16፣ ከሱ 10ሩ ባለደረሰኝ። የሽያጩ ግብር 4.5። ስንገዛ የከፈልነው ቴምብር 1.2። ደላላ ሲገዛም ሲሸጥም 2 በመቶ፣ ድምሩ 3.2። ፍርድ ቤት፣ ውክልና፣ ስም ማዛወር፣ ሊዝ፣ ዘበኛ፣ 3። የቀረው 12.1። ለሁለት ስንካፈል 6 ብር ከ5 ሳንቲም ለእያንዳንዳችን።

ይህን ሒሳብ እህቴ የጠየቀችኝ ጥር ላይ ነው፣ ገና ሳንገዛ፤ ከመቶው ወደ ኋላ እየቀነስኩ አሰላሁላት። ያኔ 10 አካባቢ ይቀራል ብያት ነበር። ከ8 በታች ከሆነ አንገባም ተባብለን ነበር። አንድ ዓመት ለሚጠጋ የታሰረ ገንዘብ 12 ብዙ አይደለም፣ የዕቃ ዋጋ መናሩ ሲታሰብ እንዲያውም ያንሳል፤ እንደ ፊልም በሦስት ወር እጥፍ የሚያወሩ ሰዎች ወይ ግብር አልከፈሉም ወይ ወራሽ አልገጠማቸውም።

ደላላው አሁን ሐረር ጀጎል ውስጥ ገጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) አለ እያለ ይደውላል። ጀጎል ከ1998 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አይነካም፣ ጣሪያ አይቀየርም። ለመኖር ውብ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን እኛ አቅሙ የለንም አልኩት። አዲስ ከተማ ላይ ሌላ የወራሾች ቤት አለ፤ ሐሙስ ካርታውን ይዞ መሬት ቢሮ በር ላይ ይጠብቀኛል።